ፒክአፑን ማን ሸጠው?

ሄሬስ፣ ዛካቴካስ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1983

ለወንድሜ ልጅ፣ ለክርስትና ልጄ ለፊዴንሲዮ ባኙዌሎስ፦

ይህች ወረቀት ካሊፎርኒያ ስትደርስ አንተንም ማክሎቪያንም ልጆቹንም በጤና ታግኛችሁ። የሶሌዳድ እመቤት ከብርዱም ከክፉ አለቃም ትጠብቃችሁ። እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ነው ከእኔ ቀድሞ ያረጀው።

የኮክ ዛፎቹ አበባ ይዘዋል። ውርጭ ካልመታቸው ዘንድሮ ቅርንጫፍ የሚሰብር ፍሬ ነው የሚጠብቀን። ስለዚህ የፒክአፑን ነገር አሁኑኑ ቁረጥልኝ። ባለፈው መስከረም አመጣዋለሁ አልክ፣ ሥራ በዛ ብለህ ቀረህ። ለገና አልክ፣ ዝናብ ነው አልክ። ለፋሲካስ ምን ልትል ነው? ግማሹ የእኔ መሆኑን ታውቃለህ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የተወልኝን የታችኛውን መሬት የሸጥኩት አንተ እዚያ እንድትንሸራሸርበት አይደለም። ተጠቀምክበት፣ ደግ አደረግክ፤ አሁን ተራው የእኔ ኮክ ነው። አምና ፍሬዬን ገበያ ያደረሰልኝ ባለመኪና ከሽያጬ ግማሹን ይዞ ሄደ። ዘንድሮ ፔሶው ከረከሰ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ አፍ አውጥቶ በዶላር ክፈይኝ ይለኛል፤ እኔ ዶላር ከየት ላምጣለት፣ ከዛፍ ላይ?

ኡባልዶን ታየዋለህ? ልጄ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ነው የሚያወራው። መኪና መሸጫ ቤት ውስጥ ከረቫት አስሮ ይሠራል አሉ። ባለፈው ወር የላከልኝ ገንዘብ የወጥ ቤቴን ጣሪያ አሳደሰልኝ። አንተ የምትልክልኝ ሰበብ ጣሪያ አይሆንም። ስለ መኪና የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣ የአክስት ልጅ አጠገብህ እያለ ለምን አታማክረውም? ኩራትህን ተወውና ሂድ።

የክርስትና እናትህ አውሴንሲያ


ዋትሰንቪል፣ ካሊፎርኒያ
ማርች 13 ቀን 1983

ለተከበሩ አክስቴና የክርስትና እናቴ ለዶኛ አውሴንሲያ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እጅዎን ስሜ፣ ቡራኬዎን እለምናለሁ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልኝ። እኛ ደህና ነን። ትንሿ ኡላሊያ ብቻ ደረቷን ያማታል፤ ክረምቱ ከበደባት። እኔ ያው እዚያው አትክልት የሚያቀዘቅዙበት ፋብሪካ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ብሮኮሊ በፊቴ ያልፋል፤ ሌሊት ስተኛም ያልፋል። ማክሎቪያ ሰላም ትልዎታለች።

ለፋሲካ መምጣት አልችልም። አለቃው ፈቃድ የለም ብሏል። የጠየቁኝን ነገር በሌላ ደብዳቤ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ። ለመድኃኒት የምትሆን ትንሽ ገንዘብ አብሬ ልኬያለሁ።

ኡባልዶን አልፎ አልፎ አየዋለሁ። ደህና ነው።

አክባሪዎ ፊዴንሲዮ


ሄሬስ
ኤፕሪል 6 ቀን 1983

ፊዴንሲዮ፦

ሰላምታ የሚገባህ ከሆነ ሰላም ለአንተ ይሁን።

ኤልፒዲዮ ለፋሲካ መጣ፤ እዚያ ከእናንተ ሰፈር የሚኖረው፣ ያ ወሬ የማይቋጥረው። ቅዳሜ ዕለት ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ የይሁዳን አሻንጉሊት ሲያቃጥል አገኘሁት። በፈረስ የመጣው ሁሉ ሰክሮ፣ ሙዚቃው እየጮኸ፣ እኔም ደስ ብሎኝ "የወንድሜ ልጅ ፒክአፔን እንዴት አድርጎ ይዞታል?" አልኩት።

"የቱን ፒክአፕ ዶኛ አውሴንሲያ?" አለኝ። "ፊዴንሲዮ እኮ ሥራ የሚሄደው በብስክሌት ነው። በዝናብ ላስቲክ ራሱ ላይ አስሮ ሲጋልብ አይተው ቢሆን በሳቅ ይሞቱ ነበር።"

አጠገባችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ቤቴ ስገባ ነው በሩን ዘግቼ የሰደብኩህ።

በብስክሌት! ለእኔ ዝናብ ነው፣ ሥራ ነው፣ አለቃ ነው ትለኛለህ፤ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ከአደባባይ እሰማለሁ። ጠጥተህበት ከሆነ ጠጣሁበት በል። በካርታ ተበልተህ ከሆነ ተበላሁ በል። ገደል ገብቶ ከሆነ የትኛው ገደል እንደሆነ ንገረኝ፣ ሄጄ አልቅሼ ልመለስ። ግን ዝም አትበለኝ! የላክኸውን ገንዘብ መልሼልሃለሁ። የእኔን ግማሽ መኪና በልተህ የጉልበት ቅባት አትግዛልኝ።

አውሴንሲያ


ዋትሰንቪል
ኤፕሪል 30 ቀን 1983

ለክርስትና እናቴ፦

ቁጣዎ ይገባኛል። ቡራኬ አልጠይቅዎትም፤ ይህን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ከወደዱ ይስጡኝ።

አልጠጣሁበትም፣ አልቆመርኩበትም። እንዲህ ነው የሆነው። ፒክአፑ ፊት ላይ ሦስት ሰው ነው የሚይዘው፤ ልጆቹ ከኋላ ጭነቱ ላይ ነው የሚቀመጡት። ፖሊስ ሁለቴ አስቆሞ ቀጣኝ። የኡላሊያ ደረት የታመመውም እዚያ ነፋስ ላይ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ አንድ ሰው ቤቴ መጣና "አንተ ምን ዓይነት አባት ነህ? ልጆችህን እንደ አሳማ ኋላ ጭነህ የምትዞረው?" አለኝ። ሚስቴ ፊት ነው ያለኝ። "አሮጌውን ሰጥተህ የተዘጋ ሚኒባስ ትወስዳለህ፤ የፒክአፑ ዋጋ ከላዩ ይቀነሳል፤ የቀረውን በየወሩ እያቃለልክ ትከፍላለህ" አለ።

ወደ አንድ መኪና መሸጫ ሄድን። ለልጆቹ ፊኛ ሰጧቸው። ሁሉም ነገር በእኛ ቋንቋ ነበር፤ ዋጋው፣ ወርሃዊው፣ ሳቁ፣ ቀልዱ። የፒክአፑን ቁልፍ "ልንገምተው ነው" ብለው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፉን አላየሁትም። ወረቀቱ ሲመጣ እንግሊዝኛ ነበር። "ምን ይላል?" አልኩ። "ያልነውን ነው የጻፉት፣ ፈርም" ተባልኩ። ፈረምኩ። በዚያው ምሽት ማክሎቪያ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣ በሩን ከፍታ ዘጋች፣ ከፍታ ዘጋች፤ ድምፁ ደስ ብሏት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደወሉ። "ባንኩ ብድሩን አልቀበልም ብሏል። ወርሃዊው ከፍ ይላል፤ ና አዲስ ወረቀት ፈርም" አሉኝ። ሄጄ "እንግዲያውስ ሚኒባሳችሁን ውሰዱ፣ ፒክአፔን መልሱልኝ" አልኩ። የመሸጫው ባለቤት ከወረቀቱ ቀና ሳይል የሆነ ነገር አጉረመረመ። "ፒክአፑማ ተሽጧል" ብለው ተረጎሙልኝ።

ተሽጧል! የእነሱ ውል ሳያልቅ የእኔ መኪና አለቀ! አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። ከዚያ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ፋብሪካ እያለሁ፣ ጎታች መኪና ይዘው ቤቴ መጡ። ማክሎቪያ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሚኒባሱን አስረው ሲወስዱ የበሩን እጀታ ይዛ ተጎተተች፤ ጉልበቷ ተልጧል። የኡላሊያ መድኃኒት፣ የትልቁ ልጅ ጫማ፣ ሁሉም ውስጡ ነበር። አንዱንም አልመለሱም። ጭራሽ "ውል አፍርሰሃል" ብለው ቀሪውን ገንዘብ እየጠየቁኝ ነው፤ በሌለኝ መኪና!

በብስክሌት የምሄደው ለዚህ ነው። ልነግርዎ አፈርኩ።

ፊዴንሲዮ


ሄሬስ
ሜይ 16 ቀን 1983

ፊዴንሲዮ ልጄ፦

የማክሎቪያ ጉልበት እንዴት ሆነ? የልጅቷ ደረትስ? መጀመሪያ ይህን መልስልኝ።

አሁን ልቆጣ። በአንተም እቆጣለሁ፤ የማይነበብ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው በሬ ነው፤ በሬም እንኳ ከመጠመዱ በፊት አንገቱን ያወዛውዛል። ግን በእነዚያ ሰዎች ላይ ያለኝ ንዴት ሌላ ነው። ሕፃን የታመመችበትን ቤት መድኃኒት ጎትቶ የሚሄድ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? በቋንቋህ እያሳቁ፣ በቋንቋቸው አስረው! ሌሊት እየተነሳሁ ብቻዬን እሳደባለሁ። ጎረቤቴ "ማንን ነው?" ብትለኝ "ስሙን አላውቀውም፣ ግን ይደርሰዋል" አልኳት።

አንድ ነገር አልገባኝም። ለምን ኡባልዶን ይዘህ አልሄድክም? እሱ እዚያው ሙያ ውስጥ ነው ያለው፤ ወረቀቱን አንብቦ በፊታቸው ይቀድላቸው ነበር! ዘመድህን ትተህ በማታውቀው ሰው ተመራህ።

ደግሞስ "አንድ ሰው" የምትለው ማነው? ከእኛ ወገን መሆን አለበት፤ እንደ አሳማ የሚለው ንግግር የጎረምሶቻችን ንግግር ነው። ስሙን ጻፍልኝ። የዚህ አገር ልጅ ከሆነ እናቱ እዚህ አለች። በሯ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ምን ዓይነት እባብ እንዳሳደገች እነግራታለሁ። አትደብቀኝ።

የክርስትና እናትህ አውሴንሲያ


ዋትሰንቪል
ጁን 19 ቀን 1983

ለክርስትና እናቴ፦

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት ማክሎቪያ ትመስክር። "አትጻፍ፣ ይገድላታል" ትለኛለች። እኔ ግን ከእርስዎ ጋር እየተጻጻፍኩ የምደብቀው ነገር አንቆ ሊገድለኝ ነው።

እዚህ ከተማ ለድሆች በነጻ የሚሟገት ቢሮ አለ። ሚስ ሃልቨርሰን የምትባል ጠበቃ ተቀበለችኝ። ስፓኒሿ በአፍንጫዋ ነው የሚወጣው፤ ግን ይወጣል። እንዲህ አለችኝ፦ "በዚህ ግዛት ሕግ በስፓኒሽ የተደራደረህ ነጋዴ፣ ከመፈረምህ በፊት ውሉን በስፓኒሽ ጽፎ ሊሰጥህ ግድ ነው። ካልሰጠህ ውሉን ማፍረስ ትችላለህ። ሲፈርስ አንተ የእሱን ትመልሳለህ፣ እሱም የአንተን ይመልሳል፤ ፒክአፕህን ሸጦት ከሆነ ዋጋውን።"

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። "ተቀመጥ" አለችኝና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። "እዚህ ላይ ገዢው የራሱን አስተርጓሚ ይዞ መጥቷል ይላል። የራሱን አስተርጓሚ ይዞ ለመጣ ሰው ይህ ሕግ አይሠራም።"

"ምን አስተርጓሚ? እኔ ማንንም አላመጣሁም!"

"ታዲያ ኡባልዶ ሬቬሌስ የሚባለው ማነው?"

ይኸው ጻፍኩት። ቤቴ የመጣው ሰው እሱ ነው። እንደ አሳማ ያለኝ እሱ ነው። ፈርም ያለኝም፣ ተሽጧል ብሎ የተረጎመልኝም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ወር ያልነገርኩዎት ልጅዎ ስለሆነ ነው። የአስተርጓሚው ነገር ግን ለእኔም አዲስ ነበር፤ ሞኝነት ነው ብዬ ነበር እንጂ ክህደት ነው ብዬ አላሰብኩም።

ከጠበቃዋ ወጥቼ በቀጥታ ወደ መሸጫው ሄድኩ። ኡባልዶ የመሸጫውን ባጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆሟል።

"እኔ ነኝ ያመጣሁህ ወይስ እነሱ?" አልኩት።

"የአጎቴ ልጅ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ደንበኛ አለ።"

"ማን ነው የሚከፍልህ ኡባልዶ?"

"እኔ ባልኖር ማን በዚህ በር ያስገባህ ነበር?" ብሎ ሳቀ። "እግዜር ይስጥልኝ ማለት ሲገባህ!" ኮሌታውን ያዝኩት። ሁለት ሰዎች መጥተው አላቀቁን፤ ወደ መንገድ ገፈተሩኝ። ከረቫቱን እያስተካከለ በመስታወት ውስጥ ሲያየኝ ነበር።

ኦገስት መጨረሻ ላይ ዳኛ ፊት እንቀርባለን። ሚስ ሃልቨርሰን በቃሌ ብቻ ከቀረብን ልንሸነፍ እንደምንችል ነግራኛለች፤ አስተርጓሚ ነኝ ብሎ የፈረመው እሱ ነውና። እናቱን በሯ ላይ ቆሜ እሰድባለሁ ብለውኝ ነበር። አድራሻዋን ያውቁታል።

ፊዴንሲዮ


ሄሬስ
ጁን 30 ቀን 1983

ለፊዴንሲዮ ባኙዌሎስ፦

ፒክአፔን በላህ፤ አሁን ደግሞ ልጄን ልትበላ ነው። የእሱ ከረቫት ዓይንህ ውስጥ ገብቶብሃል። ወንድሜ በሕይወት ቢኖር በጥፊ ይልህ ነበር። ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።

አውሴንሲያ ባኙዌሎስ፣ የሬቬሌስ ሚስት የነበርኩ


ሄሬስ
ኦገስት 2 ቀን 1983

ፊዴንሲዮ፦

አትጻፍልኝ ብዬህ አልጻፍክም። አንዳንድ ጊዜ ባትታዘዝ ጥሩ ነበር። ይሁን።

ያንን ደብዳቤ ልኬ ስመለስ ቀጥታ ስልክ ቤት ገባሁ። ታውቀዋለህ፣ ከፋርማሲው አጠገብ ያለው፤ ልጅቷ መስመር ታገናኛለች፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ያዳምጣል። "ልጄ፣ ስምህን ሊያጠፉት ነው" ልለው ነበር የሄድኩት። ግን ድምፁን ስሰማ አፌ ሌላ ነገር ጠየቀ።

"ኡባልዶ፣ በፊዴንሲዮ ወረቀት ላይ አስተርጓሚው ነኝ ብለህ ፈርመሃል?"

"እማማ፣ ይሄ የንግድ ነገር ነው፣ አይገባዎትም።"

"ፈርመሃል ወይ?"

"እዚህ አገር ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው። ማንም ማንንም አላስገደደም።"

"ለአንድ ሰው ስንት ይሰጡሃል?"

ከዚያ ምን እንዳለኝ ልንገርህ፤ ለሌላ ሰው አልተናገርኩትም፣ ወረፋ ላይ የነበሩት ግን ሰምተው ይሆናል። "የወጥ ቤትዎ ጣሪያ በምን የታደሰ ይመስልዎታል?" አለኝ።

ስልኩን አልዘጋሁትም። ከእጄ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ልጅቷ ናት የዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሴም አልሄድኩ፣ ገበያም አልወጣሁ። የኮኩ ፍሬ መብሰል ጀምሮ ነበር፤ ይውደቅ አልኩ። እዚያ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብዬ በማን እንደምቆጣ አጣሁ። በአንተ እንዳልቆጣ እውነት ተናግረሃል። በእሱ ስቆጣ ያጠባሁበት ጡት ያመኛል።

ከዚያ አንድ ጠዋት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ክረምት ላይ ሲደውልልኝ ይኮራ ነበር፤ "ለዶኛ ትራንኪሊና ልጅ መኪና አስገዛሁት፣ ለዳቦ ጋጋሪውም ልጅ፣ ለኮርቻ ሰሪውም፣ ለሽማግሌው ለዶን ሮሶም የልጅ ልጅ" እያለ። ተነሳሁ። ነጠላዬን ለበስኩና ወጣሁ።

ዶኛ ትራንኪሊና በሯን ከፈተች። "ልጄ ልጅሽን መኪና አስገዝቶት ነበር። እንዴት ሆነ?" አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ልጇም እንደ አንተው ተጠርቶ፣ ከፍ ባለው ወርሃዊ እንደገና ፈርሟል፤ የሚልክላት ነገር ከቆመ ቆይቷል። "ልጅሽ ሌባ ነው ልልሽ ስንት ጊዜ በርሽ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ" አለችኝ። "አሁን በይው" አልኳት። አለችው። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት እግሬ ሥር ተፋች። የኮርቻ ሰሪው እናት "ለኡባልዶሽ ሻማ አብርቼለት ነበር" ብላ አለቀሰች፤ ለቅሶዋ ከምራቁ የባሰ ነበር። ዶን ሮሶ ደግሞ ጆሮው አይሰማም። "ልጄ አታልሏችኋል" ስለው "ልጅሽ አግብቷል?" አለኝ። በመጨረሻ "ልጄ ሌባ ነው!" ብዬ ጮህኩ። መንገዱ በሙሉ መስኮት ከፈተ።

ለአራቱም የጠበቃዋን ስምና ከተማ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ልጆቻቸው ወረቀታቸውን ይዘው እንዲሄዱ አድርገዋል፤ ሦስቱ ያንኑ ቀን ደውለዋል። የልጄ ፊርማ እነሱም ላይ ካለ ይታይ። ዳኛው ያየው።

ይህን ያደረግኩት ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ተናድጄ ነው።

አውሴንሲያ


ዋትሰንቪል
ኦገስት 28 ቀን 1983

ለክርስትና እናቴ፦

እጅዎን እስማለሁ። ዳኛው ፊት ቀርበናል፤ ሁሉንም ልንገርዎ።

የመሸጫው ባለቤት ከጠበቃው ጋር መጣ። ኡባልዶን ምስክር አድርገው አመጡት፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። መሐላ ፈጽሞ "የፊዴንሲዮ የአክስት ልጅ ነኝ፣ እሱ ነው አስተርጉምልኝ ብሎ ያመጣኝ" አለ። ዓይኔን ሳያይ ነው ያለው። ጠበቃቸው "ዘመዱን ይዞ ከመጣ ሕጉ አይመለከተንም" ብሎ ተቀመጠ። ማክሎቪያ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ገባ።

ሚስ ሃልቨርሰን ተነሳች። የትራንኪሊናን ልጅ ውል አወጣች። "እዚህ ላይስ የገዢው የግል አስተርጓሚ ማነው?" ኡባልዶ አየው፤ "እኔ" አለ። የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ውል አወጣች። "እኔ።" የኮርቻ ሰሪውን፣ የዶን ሮሶን። አራቱም ልጆች ኋላ ተቀምጠው ነበር፤ በየስማቸው ሲጠሩ እየተነሱ ቆሙ። ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። "አንተ የእነዚህ ሁሉ የአክስት ልጅ ነህ?" አለው። ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ፣ ዳኛው ዝቅ ባለ ድምፅ "ማን ነው የሚከፍልህ?" አለ።

ኡባልዶ ወደ ባለቤቱ ዞረ። ባለቤቱ ወደ መስኮቱ ዞረ። እርስዎ ስለ እሱ ያደረጉትን የኮርቻ ሰሪው ልጅ አስቀድሞ ነግሮት ነበር፤ እሱን አስቦ ይሁን፣ ደክሞት ይሁን አላውቅም። "እሱ ነው" አለ፤ "ባመጣሁለት በእያንዳንዱ ሰው ልክ ይከፍለኛል።"

ውሉ ፈረሰ። ሚኒባሱ የእነሱ ነው፣ ዕዳ የሚሉት ነገር የለም፣ የፒክአፑን ዋጋ ይመልሳሉ። የሌሎቹን አራት ውል ደግሞ ዳኛ ፊት ሳይደርስ እናስተካክል ብለው ራሳቸው ጠይቀዋል።

ደስ ብሎኝ ልጽፍልዎ ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ኡባልዶን በመንገዱ ዳር አየሁት። አባረውታል፤ የሚነዳው መኪናም የእነሱ ነበርና ወስደውበታል። በዚያ ሙቀት ከረቫቱን ሳይፈታ በእግሩ ይሄዳል። እኔ በብስክሌቴ አለፍኩት። ስሜን ጠራ። አልቆምኩም። አሁንም ቢሆን የምቆም አይመስለኝም፤ ይህንን ከእኔ አፍ ይስሙት ብዬ ነው።

ፊዴንሲዮ


ሄሬስ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1983

ለክርስትና ልጄ ለፊዴንሲዮ፣ ለማክሎቪያ፣ ለልጆቹ፦

ያ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ አንድ ጊዜ አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ኮክ ልለቅም ወጣሁ። የቀረውን ፍሬ በባለመኪናው ጫንኩ፤ በዶላር ክፈይ ሲለኝ ምን እንዳልኩት አልጽፍልህም፣ ልጆች ያነቡታል። በፔሶ ተቀበለ።

ግማሹ ገንዘብ የእኔ ነው፤ አልረሳሁም፣ አልማርኩህም። ግን አሁን አትላከው። ሌላ መኪና ግዛበት። ፊት ለፊት ልጆቹን ሁሉ የሚይዝ ይሁን፤ ኡላሊያ ነፋስ ላይ እንዳትቀመጥ። ወረቀቱን በስፓኒሽ አምጡ በል። የለንም ካሉህ ተነስተህ ውጣ፤ ፊኛውንም መልስላቸው።

አልቆምኩም ያልከኝን አንብቤያለሁ። ቁም አልልህም።

ኡባልዶ መጥቷል። ትናንት የእመቤታችን በዓል ነበርና ከተማው ሞልቶ፣ ከአውቶቡሱ ሲወርድ ያየው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት፤ በክብር አይደለም። ደጃፌ ላይ ቆመ። አንድ ሻንጣ ይዟል፣ ከስቷል።

"እማማ፣ አጠፉኝ" አለኝ።

"ገና ምኑን" አልኩት።

"ልግባ?"

"አትገባም። በዚህ መንገድ ላይ እኔ ስለ አንተ የገባሁባቸው አራት ቤቶች አሉ። በእግርህ ሄደህ፣ አንድ በአንድ አንኳኩተህ፣ እኔ ያልኩትን በራስህ አፍ በል። ከዚያ ና።"

"ሊደበድቡኝ ይችላሉ።"

"ይችላሉ" አልኩት።

ሻንጣውን እዚያው ደጃፍ ላይ ትቶ ዞሮ ሄደ። ሄዶ እንዳይቀር ፈርቼ ነበር፤ ሌሊቱን የት እንዳደረ አልጠየቅኩም። ዛሬ ከሰዓት ግን ከመስኮቴ ሳይ የዳቦ ጋጋሪውን በር ሲያንኳኳ አየሁት። ከዚያ ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል። ወደ ኮርቻ ሰሪው ገባ፤ ወጣ። ይህን የምጽፍልህ ደጃፌ ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። አሁን ትራንኪሊና ቤት ነው ያለው። ቆየ። ጩኸቷ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፤ የእሱ ድምፅ ግን አይሰማኝም። የሆነ ነገር ሲሰበርም ሰምቻለሁ።

ሁለት ጊዜ ተነስቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ተቀመጥኩ።

ሰው በበዓሉ ማግስት ወጥ እየሠራ ነው፤ መንገዱ በሙሉ የቃሪያና የሥጋ ሽታ ሆኗል። የእኔ ምድጃ አልተቀጣጠለም። የመጨረሻውን በር አንኳኩቶ እስኪወጣ ድረስም አይቀጣጠልም።

የክርስትና እናታችሁ አውሴንሲያ